ልጄ እያነበበች ነው ወይስ ሸምድዳው ነው? ቤት ለምታስተምሩ ወላጆች

ቡና_ሲፈላ (ቨርጂኒያ)፣ ኦክቶበር 9

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ልጄ ስድስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ዘንድሮ ሆምስኩል ጀምረናል። እኔ ማታ ሥራ እገባለሁ፣ ቀን ቀን እሷን አስተምራለሁ። እንግሊዝኛም አማርኛም እናነባለን። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ጥሩ እየሄድን ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ የሆነውን ልንገራችሁ። ስለ አንድ ውሻና ስለ ኳሱ የሚያወራ ቀጭን መጽሐፍ አለን። ከላይብረሪ ያመጣነው ነው፣ ስለወደደችው ሦስት ጊዜ አሳድሰነዋል። ሶፋ ላይ ተቀምጣ በጣቷ እየተከተለች ታነብልኛለች። መሃል ላይ ማር የነካው ገጽ ተጣብቆ ሁለት ቅጠል አብሮ ተገለጠ። እሷ ግን አላቆመችም። ተደብቆ የቀረውን ገጽ ቃል በቃል አለችልኝ። ጣቷ ሌላ ገጽ ላይ ይሄዳል፣ አፏ ያላየችውን ገጽ ይናገራል። ክው ብዬ ቀረሁ።

ምንም አላልኳትም። ከሰዓት በኋላ ከዚያው መጽሐፍ አራት ቃል ወረቀት ላይ ለየብቻ ጻፍኩና አሳየኋት። አንዱን አወቀች። ሦስቱን የመጀመሪያውን ፊደል እያየች ገመተች።

የፊደል ገበታውንም ከሀ እስከ ፐ በዜማ ትለዋለች። አሁን እሱንም ተጠራጠርኩ።

ትምህርት ቤት ብትሆን መምህሯ ትነግረኝ ነበር። ቤት ሆነን በምን እንለካ? በቨርጂኒያ ሕግ እስከ ኦገስት 1 የእድገት ማስረጃ ማስገባት አለብኝ። ወይ ፈተና ወስዳ ውጤቷ ከሚመደብባቸው ዘጠኝ እርከኖች አራተኛው ላይ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ወይ ብቃት ያለው ሰው አይቷት ደብዳቤ ይጽፋል። ያስጨነቀኝ ግን ወረቀቱ አይደለም። እስከዚያ ድረስ ሳላውቅ የልጄን ጊዜ እንዳላባክን ነው። የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

አባት_ሜሪላንድ፣ ኦክቶበር 9

አይዞሽ እህቴ። ያ የተጣበቀ ገጽ ትልቅ ውለታ ነው የዋለልሽ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ዘግይተን ነው።

እኛ ጋ በሜሪላንድ ከካውንቲው የተመደበ ሰው የልጁን ፎልደር በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ያያል። የመጀመሪያው ዓመት ፎልደሩን በወርክሺት ሞላሁት። ቀለም የተቀባ፣ መስመር የተሰመረበት፣ ስቲከር የተለጠፈበት። ሰውየው አይቶ አመስግኖን ሄደ። በኋላ ማታ ቁጭ ብዬ ገለጥኩት። ልጄ ማንበብ ይችል እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ወረቀት ማወቅ አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን እቀዳለሁ። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከቁርስ በኋላ፣ አይቶት የማያውቀው አንድ ገጽ። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁለት ደቂቃ ነው የምቀዳው። እየተቀዳ አላርመውም፣ ፊቴም እንዳይናገር እጠነቀቃለሁ። ቀኑንና የመጽሐፉን ስም እጽፍበታለሁ።

የኖቬምበሩን ከፌብሩዋሪው ጋር አከታትዬ ስሰማ ልዩነቱ ገባኝ። በኖቬምበር በየቃሉ መሃል ትንፋሹን ይስባል። በፌብሩዋሪ ነጥቡ ጋ ደርሶ ነው የሚተነፍሰው። በየቀኑ አብሬው ስለምውል ይህን አላስተዋልኩትም ነበር።

የንባብ_መምህርት፣ ኦክቶበር 10

እዚህ አሜሪካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ንባብ ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ሽምደዳ በዚህ ዕድሜ የዘወትር ነገር ነው። መጥፎም አይደለም። መጽሐፉን ወዳዋለች፣ ቋንቋው ጆሮዋ ገብቷል። የሚጎዳን እኛ እንደ ንባብ ስንቆጥረው ነው።

ጎፍ እና ተንመር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ያስቀመጡት አንድ ሐሳብ አለ። እኔን ብዙ ጊዜ ረድቶኛል። አንብቦ መረዳት ሁለት ነገር ተባዝቶ የሚገኝ ነው ይላሉ። አንዱ ፊደሉን ፈትቶ ቃሉን ማውጣት ነው። ሌላው የሰሙትን ቋንቋ መረዳት ነው። ማባዛት ስለሆነ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ እይያቸው።

ፊደል መፍታቷን ለማየት ትርጉም የሌለው ቃል ስጪያት። በእንግሊዝኛ «ዚብ»፣ «ፌፕ»፣ «ኖም» ዓይነት። በአማርኛ «ለጉቢ»፣ «ሚታሶ»፣ «ኮዳፌ»። የሌላ አገር እንስሳ ስም ነው በያት፣ ደስ ይላታል። እነዚህን ማንም ሰምቷቸው ስለማያውቅ በቃሏ ልትይዛቸው አትችልም። በትክክል ካወጣቻቸው ፊደሉ ገብቷታል።

መረዳቷን ለማየት ደግሞ አንቺ አንብቢላት። ከዚያ ታሪኩን መልሳ ትንገርሽ። እንግሊዝኛውን ሰምታ በአማርኛ ብትተርክልሽም ይቆጠራል። የምትፈልጊው ነገሩ መግባቱን ነው።

ሦስተኛው፣ አይታው ከማታውቀው ጽሑፍ 100 ቃል ቆጥረሽ አስነብቢያት። አንቺ ሌላ ቅጂ ያዢና ስትሳሳት ምልክት አድርጊ። ስህተቱ ከ5 ካልበለጠ ብቻዋን የምታነበው ነው። ከ6 እስከ 10 ከሆነ አንቺ አጠገቧ ሆነሽ የምትማርበት ነው። ከ10 ካለፈ ከብዷታል፣ ቀለል ያለ ፈልጊ። ራሷ ተመልሳ ያረመችውን ስህተት አትበይው። ግን ለብቻው ጻፊው። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምፈልገው እሱን ነው። ልጅ ራሱን ካረመ እያነበበ ራሱን እየሰማ ነው።

ፍጥነትም ይለካል፣ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል አነበበች ተብሎ። እዚህ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የሃስብሩክና የቲንዳል ሰንጠረዥ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታደሰው። በእንግሊዝኛ አንደኛ ክፍል ዓመቱ አጋማሽ ላይ፣ በፍጥነት ከእኩዮቹ መሃል ላይ ያለው ልጅ በደቂቃ 29 ቃል ያነባል፣ ዓመቱ ሲያልቅ 60። የእንግሊዝኛውን ቁጥር ግን ወደ አማርኛ አትውሰጂው። የእኛ ቃል አንዱ ብቻ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል። «አልሰበርኩትም» አንድ ቃል ነው።

የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ዲብልስ የሚባለውን መለኪያ በነፃ ያወጣል፣ አትመሽ መጠቀም ትችያለሽ። አገር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ኢግራ በሚባል ተመሳሳይ መለኪያ ታይተዋል፣ አማርኛ ከቋንቋዎቹ አንዱ ነበር።

ቡና_ሲፈላ፣ ኦክቶበር 10

እግዜር ይስጥልኝ። ስንት ጊዜ ልለካት? በየሳምንቱ ካደረግኩት የምትጠላው መሰለኝ።

የንባብ_መምህርት፣ ኦክቶበር 10

በወር አንዴ ይበቃል። በየቀኑ ማስነበብ ሌላ ነው፣ እሱን አትተዪ። ስትለኪ ደግሞ ሥዕሉን ሸፍኚው። ሥዕል እያየች ከሆነ ውሻውን ከሥዕሉ ነው የምታነበው።

ጋሼ_አትላንታ፣ ኦክቶበር 11

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። ዕድሜዬ ከ70 አልፏል። ፊደል የቆጠርኩት ጎጃም ውስጥ ቄስ ትምህርት ቤት ነው፣ ዋርካ ሥር።

ሽምደዳን የኔታ ጥንትም ያውቁታል። እኛ ሀ ሁ ሂ እያልን በዜማ ስናስነካው ዝም ብለው ይሰሙናል። ከዚያ ስንደዷቸውን ያነሳሉ። ከታች ወደ ላይ ይጠይቁሃል። ከቀኝ ወደ ግራ ያስኬዱሃል። አንዷን ከመሃል ነጥለው «ይህች ማን ናት?» ይላሉ። ዜማው እዚያ ላይ ያልቅብሃል። እኔ «ቼ» ላይ ስንት ቀን እንደቆምኩ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከ«ቴ» ጋር ትምታታብኝ ነበር።

አቡጊዳም አለ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ነው የሚሄደው። የለመድከው ተራ ስለሚፈርስ ፊደሏን ራሷን ካላወቅክ መንገድ የለህም። ንባቡም በደረጃ ነበር። ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ። አንዱ ሳይጠራ ወደ ቀጣዩ ማለፍ የለም። አብሮኝ የጀመረ ልጅ ቀድሞኝ ዳዊት ደገመ፣ እኔ ገና ንባብ ላይ ነበርኩ። በዕድሜ የተቆጠረልን ነገር አልነበረም።

ለልጅ ልጄ ያደረግኩትን ልንገርሽ። አንድ ካርቶን ወስጄ መሃሉ ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቀደድኩ። ገበታው ላይ እያንሸራተትኩ እጠይቃታለሁ። ከ231ዱ የትኞቹን እንደማታውቅ በሁለት ቀን ለየኋቸው። ግዕዙንና ራብዑን ታውቃለች። የምትወድቀው ሳድሱ ላይ ነበር። ሳድስ ቅርጹ ወጥ አይደለም፣ «ል» እና «ም» እና «ር» አይመሳሰሉም። ከዚያ በኋላ ሳድሱን ብቻ ነው የሠራነው። ሙሉ ገበታውን በየቀኑ ማስጮሁን ተውነው።

ቅዳሜ_አማርኛ (ፍራንክፈርት)፣ ኦክቶበር 12

ጋሼ፣ የካርቶኑን ነገር ዛሬውኑ ነው የምሠራው። እግዜር ያክብርልኝ።

እዚህ ጀርመን ልጅን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቤት ማስተማር አይፈቀድም። እኔ አማርኛውን ብቻ ነው የማስተምረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ጀርመንኛ አቀላጥፎ ያነባል። አማርኛውንም ፊደል ለይቷል። ግን ሲያነብ ቃሉን ይጠራዋል እንጂ የገባው አይመስልም ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩለት። «አባባ ቤት አለ።» ከሥሩ ደግሞ «አባባ ና አለ።» ሁለቱንም «አለ» አንድ ዓይነት አድርጎ አነበባቸው፣ አላልቶ። የመጀመሪያው ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል። ፊደሉ ይህን አይነግርህም። ሐሳቡ ነው የሚነግርህ። ሐሳቡ ካልገባህ አታጠብቀውም።

ከዚያ ወዲህ መለኪያዬ ይሄ ነው። «ገና አልመጣም» እና «ገና ደረሰ»። ስጽፍለት ትርጉሙን አልጠይቀውም። ሁለተኛውን ካጠበቀው ገብቶታል። ካላላው እንደገና ወደ ታሪኩ እንመለሳለን። አያቱን በስልክ ሲያወራ ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ጆሮው ያውቀዋል። ዓይኑና ጆሮው መገናኘት ነበረባቸው።

ሁለት_ልጆች_ዳላስ፣ ኦክቶበር 14

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ በዚህ ሁሉ መለካት አልስማማም። የመጀመሪያዋን ልጄን በየሳምንቱ ስለካት መጽሐፍ ባየች ቁጥር ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረች። ተውኩት። አንድ ዓመት ሙሉ አነበብኩላት እንጂ አላስነበብኳትም። በስምንት ዓመቷ ራሷ አንስታ አነበበች። ዛሬ ከእጇ መጽሐፍ አይለይም። ፊንላንድ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በሰባት ዓመታቸው አይደል? ስድስት ዓመት ገና ጨዋታ ነው። ያቺን ልጅ ተዪያት እህቴ።

የንባብ_መምህርት፣ ኦክቶበር 14

እህቴ፣ ሆዴን አመመኝ ያለችን ልጅ ማቆምሽ ትክክል ነው። እኔም አቆም ነበር። ማንበብሽንም አለማቋረጥሽ ነው የጠቀማት።

የፊንላንዱ ግን ከእኛ ጋር አንድ አይደለም። የፊንላንድ ጽሕፈት አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ነው ማለት ይቻላል። ልጆቹም ከሰባት በፊት የቅድመ መደበኛ ዓመት አላቸው። እንግሊዝኛ እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በ13 የአውሮፓ ቋንቋዎች ላይ የወጣ ጥናት አለ። እንግሊዝኛ የሚማሩት ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉም ወደ ኋላ የቀሩት ናቸው። ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም፣ ጽሕፈቱ ነው የከበደው። ስለዚህ ልጃችሁ አማርኛውን ቀድማ ብታነብና እንግሊዝኛው ቢዘገይ አትደንግጡ። ፊደላችን ብዛቱ ያደክማል እንጂ ከተያዘ በኋላ አያታልልም፣ ቅድም ከተባለው ከማጥበቅና ከማላላት በቀር።

መጠበቅም ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን የሚጠብቅ ሰው ምን እየጠበቀ እንደሆነ ማወቅ አለበት። አንዳንዱ ልጅ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንዳንዱ እርዳታ ነው የሚፈልገው፣ ለእሱ አንድ ዓመት ብዙ ነው።

የወንድ_ልጅ_አባት (ዴንቨር)፣ ኦክቶበር 15

ይህን ሳነብ ነው ለመጻፍ የደፈርኩት። ልጄ ሰባት ዓመት ተኩል ነው። ሁለት ዓመት ቤት አስተምረነዋል። ዛሬ ያወቀውን ፊደል ነገ ይረሳል። «ቤት» እና «ሌት» መጨረሻቸው ይመሳሰላል ወይ ብለው አይሰማውም። እንግሊዝኛውም ያው ነው። ታናሽ ወንድሜም ልጅ እያለ እንዲሁ ነበር፣ ሰነፍ እየተባለ ነው ያደገው። አንድ የምናውቀው አስተማሪ «ሁለት ቋንቋ ስላበዛችሁበት ነው፣ አማርኛውን ተዉት» አለን። እናቱ አለቀሰች። ከእናቷ ጋር የሚያወራው በአማርኛ ብቻ ነው።

የንባብ_መምህርት፣ ኦክቶበር 15

ወንድሜ፣ አማርኛውን አትተዉ። ሁለት ቋንቋ ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት የሚያስቸግር የንባብ ችግር፣ አያመጣም። ቋንቋ መቀነስም አያድነውም። አያቱን ብቻ ነው የሚያሳጣው።

የጻፍከው ግን ዝም የሚባል አይደለም። ፊደል ገልብጦ መጻፍ ብቻውን ቢሆን በዚህ ዕድሜ አላስብም ነበር። የቃል መጨረሻ ድምፅ አለመለየት፣ የተማሩትን ቶሎ መርሳት፣ በቤተሰብ መኖሩ አንድ ላይ ሲመጡ መታየት አለበት። መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን ሐኪም ይይለት። ከዚያ ለሚኖርበት ስኩል ዲስትሪክት ምርመራ እንዲደረግለት በጽሑፍ ጠይቅ። በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ያለበት፣ ቅጂውን ያዝ። ቤት የሚማር ልጅም ቢሆን የፌዴራሉ ሕግ ልጆችን ፈልጎ የመመርመር ኃላፊነት ይጥልባቸዋል፣ ምርመራው በነፃ ነው። ከምርመራው በኋላ የሚሰጠው እርዳታ ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ እሱን እዚያው ጠይቅ። ውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ደብዳቤውን አብረን እናየዋለን።

ጋሼ_አትላንታ፣ ኦክቶበር 15

ልጄ፣ ለወንድምህ ደውልለት። ስለ ልጁ ንገረው። እሱ ራሱ ሰነፍ እንዳልነበረ ይወቅ።

የወንድ_ልጅ_አባት፣ ኦክቶበር 17

ደወልኩለት። ብዙ አወራን። ደብዳቤውን ሰኞ አስገባለሁ።

ቡና_ሲፈላ፣ ኖቬምበር 2

የነገራችሁኝን አደረግኩ። ውጤቱን ልጻፍላችሁ።

ታሪክ አንብቤላት መልሳ ስትነግረኝ አንድም ነገር አልቀረባትም። እኔ የረሳሁትን የድመቷን ቀለም ሳይቀር ጨመረችልኝ። ትርጉም የሌላቸው ቃላት ላይ ግን ከ10 እንግሊዝኛ 3 ብቻ ነው ያወጣችው። መጀመሪያና መጨረሻውን ትይዛለች፣ መሃሉን ትገምታለች። «ዚብ»ን «ዛብ» አለችው። 100 ቃል ሳስነብባት 17 ስህተት። ራሷን ያረመችው የለም።

በአማርኛው የካርቶኑን ቀዳዳ ሞከርን። ጋሼ እንዳሉት ሳድሱ ላይ ነው የወደቀችው። ኃምሱንም ከሣልሱ ታምታታለች።

መጀመሪያ ከፋኝ። ባለቤቴ ግን ወረቀቱን አይቶ «እንግዲህ መሃል ያለውን ድምፅ ነው የምናስተምራት ማለት ነው» አለ። እውነቱን ነው። ከዚያ በፊት የማስተምረው ሁሉንም ነበር። አሁን ቀለል ወዳሉ መጻሕፍት ተመልሰናል። በየጠዋቱ 15 ደቂቃ ብቻ፣ መሃሉን ድምፅ እየቀያየርን። የውሻውን መጽሐፍ አልከለከልኳትም። ማታ እሷ ለአሻንጉሊቷ ታነብላታለች፣ በቃሏ።

አባት_ሜሪላንድ፣ ኖቬምበር 3

ቀድተሻታል?

ቡና_ሲፈላ፣ ኖቬምበር 3

ቀድቻታለሁ። ሁለቱንም ቋንቋ።

ቡና_ሲፈላ፣ ዲሴምበር 20

ይህን ክር ወደ ላይ ላምጣው፣ ለጠየቃችሁኝ።

ትናንት ለካኋት። አይታው የማታውቀው ጽሑፍ ነው፣ 100 ቃል፣ ስህተቱ 8። ራሷን ሦስት ጊዜ አረመች። ትርጉም ከሌላቸው ቃላት ከ10 ሰባቱን አወጣች። ገና ብቻዋን የምታነበው ደረጃ አልደረሰችም፣ አጠገቧ መቀመጥ አለብኝ። ግን የኦክቶበሩን ቅጂ ከትናንቱ ጋር አከታትለን ሰማነው፣ እሷም አብራን ሰማች። «ያኔ ሕፃን ነበርኩ» አለች።

አንድ ነገር ደግሞ። ዛሬ ጠዋት እናቴ ከአዲስ አበባ በሰው የላከችው ዕቃ ደረሰን። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ። በእያንዳንዱ ላስቲክ ላይ በእጇ ጽፋበታለች። ልጄ ወለል ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ እያነሳች አነበበች። «ኮረሪማ» ላይ ቆየች፣ አወጣችው። ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የሐበሻ ቀሚስ ነበር፣ ላዩ ላይ «ለገና» ተብሎ ተጽፎበታል። መጀመሪያ አላልታ አነበበችው። ዝም አለች። ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ጥለቱን አየች። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ተመልሳ ጣቷን «ና» ላይ አደረገችና አጥብቃ ደገመችው።